መንታ ልጆች ይዞ ጉዞ፦ ባለ ሁለት መቀመጫ ጋሪ ወይስ አንቀልባ?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከአንዲት እናት በውስጥ መስመር የደረሰኝን ጥያቄ መነሻ ያደረገ ነው። ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ አምስት ወር የሆናቸው መንታ ልጆች አሉኝ። ውጭ አገር ያለችው እህቴ ባለ ሁለት መቀመጫ የሕፃን ጋሪ ልትልክልኝ ነው። እዚህ አዲስ አበባ በአውቶቡስና በታክሲ ነው የምንቀሳቀሰው። ለገና ደግሞ ላሊበላ የባለቤቴ ቤተሰቦች ጋ በመኪና ልንሄድ አስበናል። ምን ዓይነት ጋሪ ልምረጥ?»

አጭሩ መልሴ ይኸው፦ ጋሪው ለሰፈር መንሸራሸሪያ ይሁንላችሁ። ለአውቶቡስ፣ ለሚኒባስና ለላሊበላ ዳገት ግን ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ማዘያና አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። መንታ ይዞ ለመውጣት መጀመሪያ የሚቆጠረው ሰው ነው፤ ጎማ ቀጥሎ ይመጣል።

ለምን እንዲህ እንደምል በዝርዝር እንየው።

1. መጀመሪያ መንገዱን እዩ

ላስታ ውስጥ በሠራሁበት ጊዜ መንታ የያዘች እናት በጋሪ ስትመጣ አላየሁም። ልታመጣም አትችልም። ላሊበላ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። መንገዱ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት፤ ኮብልስቶን ባይሆን ኮረኮንች ነው። ለቅዳሜ ገበያ ከገጠሩ የሚመጣው ሰው ደግሞ ሰዓታት በእግሩ ተጉዞ ነው የሚደርሰው። አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም ከመሬት ወለል በታች የተፈለፈሉ ናቸው፤ የሚወረደው በጠባብ መተላለፊያና ብዙ እግር ባለሰለሰው የድንጋይ ደረጃ ነው። እዚያ የጋሪ ጎማ ምንም አይሠራም።

አዲስ አበባስ? አስፋልቱና አዲሶቹ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለጋሪ ይመቻሉ። ችግሩ የሚጀምረው መጓጓዣ ላይ ነው። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት አንበሳም ሆነ ሸገር አውቶቡስ ላይ መቆሚያ እንኳ ይጠፋል። ሚኒባስ ታክሲ ከሆነ ጋሪው ታጥፎ ወይ ጣሪያ ላይ ይወጣል ወይ ከወንበር ሥር ይገባል። እሱን ስታጥፉ ሁለቱን ልጆች ማን ይይዛል? ረዳቱ «ቶሎ በሉ!» እያለ፣ ሰው እየተጋፋ፣ አንዲት እናት ብቻዋን ሁለት ሕፃናት ይዛ ጋሪ ልታጥፍ አትችልም። አንዱን ልጅ ለማታውቀው ሰው መስጠት ልትገደድ ነው።

ስለዚህ ጋሪ ከመምረጣችሁ በፊት በሳምንት ውስጥ የምትሄዱባቸውን ቦታዎች በወረቀት ጻፉ፦ ክትባት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ገበያ፣ የአያት ቤት። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ጋ ነው ጋሪ ከበር እስከ በር የሚደርሰው? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወስንላችኋል።

2. ጋሪ የምትገዙ ከሆነ

ባለ ሁለት መቀመጫ ጋሪ በሁለት መልክ ይመጣል። አንደኛው ልጆቹ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ነው፤ ወርዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለተኛው አንዱ ልጅ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ የሚቀመጥበት ነው፤ ወርዱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆንም ረጅም ስለሆነ ለመጠምዘዝና ጠርዝ ላይ ለማውጣት ይከብዳል። «ላኪልኝ» ከማለታችሁ በፊት የቤታችሁን በር፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃና የምትጠቀሙበትን መኪና በሜትር ለኩ።

ከሐኪም ዓይን የማያቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

• ሁለቱም መቀመጫዎች ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ የሚተኙ ይሁኑ። ከስድስት ወር በታች ያለ ልጅ በዘንበል መቀመጫ ላይ ረጅም ሰዓት ሲቀመጥ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ይወድቃል። አንዳንዱ ጋሪ የፊቱ ብቻ ይተኛል፣ የኋላው አይተኛም። ለመንታ ይህ አይሆንም።
• በሁለቱ ትከሻ፣ በሁለቱ ወገብና በእግር መሃል የሚያስር ባለ አምስት ነጥብ ቀበቶ ይኑረው።
• ፍሬኑ በአንድ እርግጫ የሚይዝ ይሁን። ዳገት በበዛበት አገር የሚያዝ ፍሬን የግድ ነው።
• ጎማው ትልቅ ይሁን፤ ትንንሽ ጎማ ኮብልስቶን ላይ ይቀረቀራል።
• እጀታው ላይ ከባድ ቦርሳ አታንጠልጥሉ። ልጆቹ ሲነሱ ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል።
• ለፀሐይ ብላችሁ ጋሪውን በነጠላ ወይም በብርድ ልብስ አትሸፍኑ። አየር ስለማይንቀሳቀስ ውስጡ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞቃል፤ ልጁንም አታዩትም። የራሱን ጥላ ተጠቀሙ።

ውጭ አገር ላላችሁ ቤተሰቦቻችን፦ ለጋሪ ቦታ ባለው አውቶቡስ ስትሳፈሩ ጋሪውን ልጆቹ ጀርባቸውን ወደ ጉዞው አቅጣጫ እንዲሰጡ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ፍሬኑን ያዙ፤ የልጆቹን ቀበቶ አትፍቱ። እንደ ለንደን ባሉ ከተሞች ያ ቦታ ቅድሚያ የሚሰጠው በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ስለሆነ የሚታጠፍ ጋሪ ይኑራችሁ።

3. አንቀልባ ለዳሌ ጥሩ ነው

አንዳንድ ወጣት ወላጆች «ማዘል እኮ የድሮ ነው፤ እግሩን ያወላግደዋል» ሲሉ እሰማለሁ። እውነቱ ተቃራኒው ነው።

ሕፃን ሲወለድ የዳሌ መገጣጠሚያው በአብዛኛው ገና ልም አጥንት ነው። የጭን አጥንት ጫፍ ወደ ጎድጓዳው በደንብ ገብቶ ሲቀመጥ መገጣጠሚያው ክብ ሆኖ ያድጋል። ይህ የሚሆነው ደግሞ የልጁ ጭን ተከፍቶ፣ ጉልበቱ ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እንደ እንቁራሪት ሲታጠፍ ነው። አንቀልባ ላይ የእናቱን ጀርባ አቅፎ የሚቀመጥ ልጅ ልክ እንደዚያ ነው። ልጆች በጀርባ በሚታዘሉባት በማላዊ የተሠራ ጥናት የዳሌ መውለቅ በጣም ጥቂት መሆኑን አሳይቷል። በአንጻሩ ሕፃናትን እግራቸውን አስተካክለው ከጣውላ ጋር ያስሩ በነበሩት የሰሜን አሜሪካ ናቫሆዎች ዘንድ ችግሩ ብዙ ነበር።

ስለዚህ የላስታ እናቶች የቆዳ አንቀልባ በጠፍር አጥብቀው ልጁን ሲያዝሉ ለዳሌው ትክክለኛውን ነገር እያደረጉ ነው። እኛ ከተማ ውስጥ መተው ያለብን እግርን አስተካክሎ ግጥም አድርጎ መጠቅለልን ነው። ማዘያ ስትገዙም ጨርቁ ከአንዱ ጉልበት እስከ ሌላው ጉልበት የሚደግፈውን ምረጡ። ልጁን በብልቱ ብቻ የሚያንጠለጥል፣ እግሩ እንደ ገመድ ቁልቁል የሚንጠለጠልበት ማዘያ አይመቸውም።

4. ትልቁ አደጋ ትንፋሽ ነው

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ክፍል ያዙ።

የትንሽ ሕፃን የአየር ቧንቧ ቀጭንና ለስላሳ ነው። ጭንቅላቱ ደግሞ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ፣ አንገቱም ደካማ። አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ ቧንቧው እንደታጠፈ ገለባ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ልጁ ላያለቅስ ይችላል፤ ዝም ብሎ የተኛ ይመስላል።

የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ትከሻ ስለሚንጠለጠል የጨርቅ ማዘያ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት 20 ዓመታት ከዚህ ማዘያ ጋር የተያያዙ ቢያንስ 14 የሕፃናት ሞቶችን መርምሯል፤ ከነዚህ 12ቱ ከአራት ወር በታች ነበሩ። ኮሚሽኑ አደጋው ያይልባቸዋል ካላቸው መካከል ያለጊዜያቸው የተወለዱ፣ ጉንፋን የያዛቸው፣ እንዲሁም ክብደታቸው አነስተኛ የሆኑ መንታዎች ይገኙበታል። ለመንታ ወላጅ በተለይ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ልጅ ባዘላችሁ ቁጥር እነዚህን አምስት ነገሮች አረጋግጡ፦

ሀ. ፊቱ ይታያል? ወደ ታች ስታዩ አፍና አፍንጫው ክፍት መሆን አለበት።
ለ. አገጩ ከደረቱ ተለይቷል? ሁለት ጣት በመካከል መግባት አለበት።
ሐ. ቀጥ ብሎ ነው ያለው? ከማዘያው ውስጥ ተጋድሞ ወይም ተጠቅልሎ አይቀመጥ። እያዘላችሁ ካጠባችሁ ሲጨርስ ወደ ላይ መልሱት።
መ. ቅርብ ነው? ጎንበስ ብላችሁ ግንባሩን መሳም መቻል አለባችሁ።
ሠ. ጥብቅ ነው? ጨርቁ ከላላ ልጁ ቁልቁል ይንሸራተትና ይታጠፋል።

ስለ መሸፈን ደግሞ ላንሳ። ብዙ እናቶች የሕፃኑን ፊት በነጠላ የሚሸፍኑት ከፀሐይና ከሰው ዓይን ለመከለል ነው። በዚህ ላይ አልከራከርም። ሰፊ ክፈፍ ያለው ኮፍያ አድርጉለት፣ ጥላ ያዙለት፤ ጨርቁ ግን አፍና አፍንጫው ላይ አይረፍ። የአንገት ማተቡም ከማዘያው ማሰሪያ ጋር እንዳይጠላለፍ እዩ።

5. በየዕድሜው እንዴት?

ከዕድሜ በፊት አንድ ስሌት አለ። መንታ ልጆች ብዙ ጊዜ ያለጊዜያቸው ነው የሚወለዱት። ቀናቸው ከመድረሱ ሁለት ወር ቀድመው የተወለዱ ከሆነ፣ የአምስት ወሮቹ ልጆች በአንገት ጥንካሬ የሦስት ወር ልጅ ናቸው። ጠያቂያችን ይህን መጀመሪያ ታስላ።

እስከ አራት ወር፦ ከፊት፣ ደረት ላይ፣ ቀጥ አድርጋችሁ። አንድ ልጅ ለአንድ ትልቅ ሰው። ክብደታቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ደግሞ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ደረት ላይ መያዝ ሕክምናም ጭምር ነው። የካንጋሮ እንክብካቤ የምንለው ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያዋ ቦጎታ የተጀመረ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ምክር በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ ያበረታታል። አባትም ይችላል፤ ሁለት ልጅ ሁለት ደረት ይፈልጋል።

ከአራት እስከ ስድስት ወር፦ አንገቱን ሳይደገፍ ቀጥ አድርጎ መያዝ እስኪችል አሁንም ከፊት። «አራት ወር ሞላው» ብላችሁ ብቻ ወደ ጀርባ አታዙሩት።

ከስድስት ወር በኋላ፦ አንገቱና ወገቡ ከጠና በጀርባ ማዘል ይቻላል። ትልቅ ሰው ጎበዝ ከሆነና ርቀቱ አጭር ከሆነ አንዱን ከኋላ፣ አንዱን ከፊት ማድረግ ይቻላል፤ ግን ደረጃና ተዳፋት ላይ አይሆንም። የፊተኛው ልጅ እግራችሁ የሚረግጥበትን ይጋርዳችኋል።

መንታዎች እኩል አያድጉም፤ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ? አንዱ ሲጠነክር ሌላው ሊዘገይ ይችላል። ከፊት የሚሆነው፣ ዓይናችሁ የማይለየው፣ ሁልጊዜ ትንሹ ነው።

6. መኪና ውስጥ

ከአዲስ አበባ ላሊበላ በደሴ፣ በወልድያና በጋሸና በኩል ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአንድ ቀን ለመግባት አትሞክሩ። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ፤ ሌሊት አትጓዙ።

• የግል ወይም የኪራይ መኪና ከሆነ ሁለት የሕፃን የመኪና ወንበር ይኑር፤ ወደ ኋላ ዞሮ የሚታሰር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የልጅ ወንበር ሞትን በ60 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ለባለ ሁለት ጋሪ የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ ቢውል እመርጣለሁ። በእውነት! እህትሽ የምትልከው ነገር ይህ ይሁን።
• የሕዝብ ማመላለሻ ከሆነ ከሚኒባስ ይልቅ ትልቁን አውቶቡስ ምረጡ። መሃል አካባቢ ተቀመጡ። ጋቢና ውስጥና በር ሥር ልጅ ይዛችሁ አትቀመጡ።
• ሁለቱን ልጆች አንድ ጭን ላይ አታድርጉ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ቢጋጭ 7 ኪሎ የሚመዝነውን ልጅ ይዞ ማስቀረት ከ100 ኪሎ በላይ በድንገት እንደመያዝ ነው። ክንድ አይችለውም። ሁለት ልጅ ከሆነማ በጭራሽ።
• የመኪናውን ቀበቶ ራሳችሁ እሰሩ፤ ልጁን ግን በቀበቶውና በእናንተ መሃል አታስገቡት። በግጭት ጊዜ የእናንተ ክብደት ልጁ ላይ ያርፋል።
• ልጅ ጀርባችሁ ላይ እንዳለ ወንበር ላይ አትደገፉ። ታክሲም ይሁን ባጃጅ፣ ከመግባታችሁ በፊት ልጁን ወደ ፊት አዙሩት። ተደግፎ ልጅን መጫን በዝምታ የሚደርስ አደጋ ነው።
• በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ። ልጆቹን ከማዘያም ከወንበርም አውጥታችሁ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስተኟቸው፣ አጥቧቸው፣ ዳይፐር ቀይሩ።

በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ሲወርድ ጡት ስጧቸው፤ መዋጡ የጆሮ ሕመሙን ይቀንሰዋል። ሁለቱን እኩል ለማጥባት አንዱን ቀድማችሁ ጀምሩ።

7. ብርድና ሙቀት በአንድ ቀን

ይህ መንገድ ልብስ ላይ ያታልላል። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉሙና ብርዱ አጥንት ይገባል። ከዚያ ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ከሚሴም ሙቀት ነው። ወልድያን አልፋችሁ ጋሸና ስትወጡ እንደገና ብርድ። ጠዋት በጋቢ የተጠቀለለ ልጅ እኩለ ቀን ላይ በዚያው ጋቢ፣ በእናቱ ገላ ላይ ተለጥፎ ካለ ከልክ በላይ ይሞቃል።

መፍትሔው ስስ ልብስ መደራረብ ነው። የሰውነት ሙቀቱን በእጁ ወይም በእግሩ አትለኩ፤ ማጅራቱን ዳስሱ። ካላበው አንድ ልብስ ይውለቅ፤ ከቀዘቀዘ ይጨመር። ማዘያው ራሱ እንደ አንድ ልብስ ይቆጠራል።

ፀሐዩንም አትናቁት። ብርዱ ቢኖርም የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ኮፍያ፣ ረጅም እጅጌና ጥላ ያስፈልጋል።

ከፍታውስ? ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ጤነኛ ልጅ የላሊበላ ከፍታ ብዙም አዲስ አይደለም። ከቆላ ወይም ከባሕር ጠለል አካባቢ ለምትመጡ፣ በተለይ ልጁ ሲወለድ ኦክስጅን ላይ ቆይቶ ከነበረ ወይም የልብ ችግር ካለበት፣ ከጉዞው በፊት የሕፃናት ሐኪም ይየው።

8. የእናት ጀርባና ወገብ

መንታ የወለደች ሴት ማህፀኗና የሆድ ጡንቻዋ ከሌላው በላይ ተለጥጦ የነበረ ነው። በኦፕራሲዮን ከወለደች ደግሞ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ከአንድ ልጇ ክብደት በላይ ማንሳት የለባትም። ሁለት ልጅ፣ ላዩ ላይ ቦርሳ፣ ታችኛው ላይ ዳገት ሲጨመር ወገቧ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ የማህፀን መውጣት ሊያስከትልም ይችላል። ከባድ ሸክም የበዛባቸው የደጋ ሴቶቻችን ይህን ችግር ለዓመታት ደብቀው ይኖሩታል። «ከታች የሚወርድ ነገር ይሰማኛል» የምትል እናት ዝም አትበል፤ ሕክምና አለው።

አባቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው፦ ማዘል የሴት ሥራ ብቻ ነው ያለው ማነው? የእናንተ ጀርባ ሰፊ ነው። በአደባባይ የሚያፍር ካለ ለመልመድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ መንታ የሚያድገው በትብብር ነው። በዚያው ልክ የሰባት ዓመት እህታቸውን ልጅ አሳዝላችሁ ዳገት አትላኳት። እሷም ልጅ ናት።

9. ገና በላሊበላ

ቤተ ማርያም ዙሪያ ቤዛ ኩሉ ሲባል ለማየት የሚመጣው ሕዝብ ስፍር ቁጥር የለውም። ሕፃናት ይዛችሁ የገደሉ ጠርዝ ላይ አትቁሙ፤ ጠባቡ መተላለፊያ ውስጥም ሰው ሲጨናነቅ አትግቡ። ሁለታችሁ እየተፈራረቃችሁ ሂዱ፤ አንዱ ከልጆቹ ጋር ሰፋ ያለ፣ መውጫው የሚታይ ቦታ ላይ ይቆይ። ብትለያዩ የምትገናኙበትን ቦታ ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ስልክ በበዓል ቀን ላይሠራ ይችላል። የእያንዳንዱ ልጅ ልብስ ውስጥ የወላጅ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይኑር።

10. መቼ ነው ወደ ጤና ተቋም የምትሮጡት?

• ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ
• ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ካቃሰተ
• ረጋ ብሎ ሳለ በደቂቃ የሚተነፍሰው ከሁለት ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ
• መጥባት እምቢ ካለ፣ ከዛለ ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ

እነዚህን ስታዩ መጀመሪያ ልጁን ከማዘያው አውጡ፣ አንገቱን አቅኑ፣ ልብሱን አላሉ፤ ከዚያ ሳትዘገዩ ሂዱ። «እስኪነጋ እንየው» አይባልም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ለጠያቂያችን የመጨረሻ ቃሌ፦ እህትሽን ሁለት የመኪና ወንበርና ሁለት ጥሩ ማዘያ ጠይቂያት። ጋሪውን ልጆቹ ሲቀመጡ፣ የሰፈርሽን መንገድ አይተሽ፣ በራስሽ መለኪያ ትመርጪዋለሽ። እስከዚያ ግን ሁለት ትልቅ ሰው ሳይኖር ሁለቱን ይዘሽ መናኸሪያ አትግቢ። አይዞሽ፣ ያድጋሉ!

መንታ ላላቸው ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። መልካም ጤና!